ማፍሰሱ ቀላል፣ ልኩ ሥራ፦ የታኮማን የካምቢዮ ዘይት በቤት መቀየር

አገር ቤት ሃይሉክስ እያየ ያደገ ሰው አሜሪካ ገብቶ ፒካፕ ሲያምረው ዓይኑ ታኮማ ላይ ቢያርፍ አይገርምም። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1995 በሰሜን አሜሪካ ገበያ ሃይሉክስን የተካው በዚሁ መኪና ነው። ከ2005 እስከ 2015 የተሠሩት ባለ 4.0 ሊትር ቪ6 ታኮማዎች ዛሬም በየመንገዱ አሉ። የሞተር ዘይታቸው ሳይዛነፍ የሚቀየር፣ የካምቢዮ ዘይታቸው ግን ፋብሪካ ከሞላው ጀምሮ ማንም ያልነካው ብዙ ናቸው። ባለቤቱ ኮፈኑን ከፍቶ የካምቢዮ ዘይት መለኪያ ዘንግ ቢፈልግ አያገኝም፤ ቶዮታ አላደረገለትም። ስለዚህ ወይ ይረሳዋል፣ ወይ «ይሄ የመካኒክ ሥራ ነው» ብሎ ይተወዋል።

የመካኒክ ብቻ ሥራ አይደለም። ሦስት ብሎን መፍታትና መግጠም፣ በእጅ ፓምፕ ዘይት መሙላት ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገው ልኩን ማግኘት ነው፤ የዚህ ካምቢዮ ልክ ደግሞ በዓይን ሳይሆን በሙቀት የሚታወቅ ነው። በዚህ መመሪያ ውስጥ ሌላው ሁሉ ቢምታታብዎት እንኳ ይህችን አይርሱ።

ቁጥሮቹ የተጻፉት ለዚሁ መኪና፣ ማለትም ኤ750 ለሚባለው ባለ አምስት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው። ከ2016 ጀምሮ የመጣው ባለ 3.5 ሊትር ሞተር ታኮማ ባለ ስድስት ማርሽ ካምቢዮ አለው፤ ባለ አራት ሲሊንደሩም የራሱ ካምቢዮ አለው። የሌላ መኪና ባለቤት ከሆኑ አካሄዱን ይውሰዱ፣ ልኮቹን ግን ከራስዎ መኪና የጥገና መጽሐፍ ይፈልጉ።

መቀየር አለበት ወይ?

«የዕድሜ ልክ ዘይት ነው» ሲባል ሰምተው ይሆናል። ቶዮታ ራሱ ለአሜሪካ ደንበኞቹ በሚያወጣው የጥገና መርሐ ግብር ላይ ተጎታች ለሚጎትት ወይም ከባድ ጭነት ለሚጭን መኪና በ60,000 ማይል የካምቢዮ ዘይት ይቀየር ይላል። ፒካፕ የሚገዛ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሊጭንበት ነው የሚገዛው። ጭነት የማያውቅ ታኮማ ቢሆን እንኳ 100,000 ማይል ሳይሞላ አንድ ጊዜ ቢቀየርለት ገንዘቡ ባክኗል አልልም።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ያለው ዘይት ማለስለስ ብቻ አይደለም ሥራው። በግፊቱ የፍሪሲዮን ሸራዎቹን ገፍቶ ማርሽ የሚያስገባው እሱ ነው። ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ራዲያተር የሚወስደውም እሱ ነው። ሸራዎቹ በተጨበጡና በተለቀቁ ቁጥር ረቂቅ ብናኝ ይለቃሉ፣ ሙቀቱም የዘይቱን ባሕርይ እያዳከመ ይሄዳል። ቀይ የነበረው ጠቁሮ ቡናማ ይሆናል።

ሐበሻ መካኒኮችና ሹፌሮች በተሰበሰቡበት ሁሉ የማይጠፋ ክርክር አለ፦ «አሮጌ ካምቢዮ ዘይቱን ከቀየርክለት ይሞታል።» መነሻ የሌለው ወሬ አይደለም። ብዙ ሰው ዘይት የሚቀይረው ካምቢዮው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ነው፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይጎትትም። በዚያን ጊዜ ሸራው አልቋል፣ አዲስ ዘይት ያለቀ ሸራ አይመልስም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ካምቢዮው ሲቆም ጥፋቱ በዘይቱ ላይ ይለጠፋል። የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው፦ የሚንሸራተት ካምቢዮ ካለዎት ገንዘብዎን ለመርማሪ መካኒክ ይስጡ። ማርሹ በደንብ የሚገባ ከሆነ ግን ማይሉ ምንም ያህል ይሁን፣ ከታች አፍስሶ በፈሰሰው ልክ መተካት የሚያስፈራ ነገር የለውም። በማሽን ግፊት የማጠቡን ነገር ለአሮጌ ካምቢዮ አልመክርም።

ምን ይገዛል?

ዘይቱ ቶዮታ ኤቲኤፍ ደብሊው ኤስ የሚባለው ነው። ከድሮው ቲ-ፎር በጣም ይቀጥናል፤ የማርሽ መግቢያው ግፊት የተሰላው በዚህ ቅጥነት ስለሆነ «ያው የካምቢዮ ዘይት ነው» ተብሎ ቲ-ፎር ወይም ዴክስሮን አይጨመርበትም። በዕቃ መሸጫው «ለሁሉም መኪና ይሆናል» የሚል ጠርሙስ ቢቀርብልዎት ይለፉት። ዋናውን ከቶዮታ ሻጭ ይግዙ፤ የሌላ ፋብሪካ ከሆነም ለደብሊው ኤስ ምትክ ተብሎ በግልጽ የተሠራውን።

ካምቢዮው በጠቅላላ የሚይዘው ከ10 ኳርት በላይ ነው። ማፍሰሻውን ሲከፍቱ የሚወርደው ግን 3 ኳርት ገደማ ብቻ ነው። ሌላው በቶርክ ኮንቨርተሩ፣ በማቀዝቀዣ ቱቦዎቹና በቫልቮቹ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ለአንድ ቅየራ 5 ኳርት ቢገዙ ይበቃል፤ የተረፈው ጠርሙስ ሳይከፈት ይቀመጣል።

ከዘይቱ ሌላ ባለ 14 እና ባለ 24 ሚሊሜትር ቡሶላ፣ ባለ 5 ሚሊሜትር ስድስት ማዕዘን አለን ቁልፍ፣ የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ ቶርክ ሬንች፣ በዘይት ጠርሙስ አፍ ላይ የሚገጠም የእጅ ፓምፕ፣ ሰፊ ሳህን፣ መስመር ያለው መለኪያ ጆግ፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ ያስፈልጋል። የብሎኖቹን ማሸጊያ ቀለበቶች አዲስ ይግዙ፤ ዋጋቸው ትንሽ ነው፣ አሮጌውን መልሶ መግጠም ደግሞ የመንጠብጠብ መነሻ ነው።

የመጨረሻው ሙቀት ማንበቢያ ነው። ከመሪው ሥር ካለው የምርመራ ሶኬት ጋር የሚገጠምና ወደ ስልክ የሚያሳይ መሣሪያ ይሻላል። ሲገዙ ግን ይጠንቀቁ፦ ርካሾቹ የሞተሩን ሙቀት ብቻ ያሳያሉ። እርስዎ የሚፈልጉት የካምቢዮ ዘይት ሙቀትን ከቶዮታ የሚያነብ መተግበሪያ ነው። ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት መኪናውን አስነስተው ቁጥሩ መምጣቱን ያረጋግጡ። ከዚያ ያጥፉትና እስከ ማግስቱ ያሳድሩት።

ቦታና ጊዜ

በአፓርታማ የሚኖሩ ከሆነ መጀመሪያ የኪራይ ውልዎን ያንብቡ። ብዙ አከራዮችና የሰፈር ማኅበራት በመኪና ማቆሚያቸው ላይ ጥገና ይከለክላሉ፤ ዘይት ተንጠባጥቦ ማስጠንቀቂያ ከሚለጠፍብዎት ግቢ ያለው ጓደኛ ጋ ቢሄዱ ይሻላል። በዚያ ከሆነም መኪናውን ከዋዜማው ወስደው እዚያው ያሳድሩት።

መሬቱ ደልዳላ መሆን አለበት፤ መኪናው ከዘመመ የዘይቱ ከፍታም ይዘምማል። ባለ አራት ጎማ ጎታች ታኮማ ብዙውን ጊዜ ሳይነሳ ሥሩ መግባት ይቻላል፤ ከቻሉ እንዲያው ይሥሩት። ማንሳት ካለብዎት አራቱንም ጎማ እኩል አንስተው በብረት መቆሚያ ያሳርፉ። ፊቱን ብቻ ራምፕ ላይ አውጥቶ ልክ መያዝ አይቻልም። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ደግሞ ለአንዲት ደቂቃም አይግቡ። የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ጎማዎቹ ላይ ታኮ ያድርጉ፣ ማርሹ ፒ ላይ ይሁን።

ሥራው በማለዳ፣ መኪናው እንዳደረ ቢሠራ ይመረጣል። የሞተር ዘይት አሙቆ የማፍሰስ ልማድ ያለው ሰው እዚህም ሞተሩን ማስነሳት ያምረዋል። አያስፈልግም። ያደረ ዘይት ሲፈስና አዲሱ ሲገባ ሁለቱም በአየሩ ሙቀት ላይ ስለሚሆኑ፣ የወጣውን ለክቶ ያንኑ ያህል መመለስ ትክክለኛ ይሆናል። እጅም አይቃጠልም። በተለይ እንደ ፊኒክስ ባለ ከተማ በበጋ የሚኖር ሰው ከጠዋቱ ውጭ ባይሞክር ይሻለዋል፤ ከሰዓት በኋላ አየሩ ራሱ 40 ዲግሪ ያልፋል፣ ለመለካት የተሰጠዎት የሙቀት ክፍተትም ሳይዘጋጁ ያልፍዎታል። የሚኒሶታ ክረምት ደግሞ ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ ዘይቱ እስኪሞቅ ብዙ መጠበቅ ነው።

ሦስቱ ብሎኖች

ከሥር ገብተው ወደ ላይ ሲያዩ ከፊት ያለው የሞተሩ ዘይት መያዣ ነው፤ ከእሱ ኋላ ያለው ሰፊና ጠፍጣፋው የካምቢዮው ነው። መከላከያ ላሜራ ከሸፈነው መጀመሪያ እሱን ያውርዱ። በካምቢዮው ዘይት መያዣ ላይ ሁለት ብሎኖች አሉ። ባለ 14ቱ ማፍሰሻ ነው። በአለን ቁልፍ የሚፈታው ባለ 5ቱ መለኪያው ነው፤ ከውስጡ ወደ ላይ የቆመች አጭር ቱቦ አለች፤ ዘይቱ ከቱቦዋ አናት ሲያልፍ በዚያ ቀዳዳ ይወርዳል። ሦስተኛው፣ ባለ 24ቱ መሙያ ብሎን፣ በካምቢዮው ቀኝ ጎን፣ በተሳፋሪው በኩል ነው። የጭስ ማውጫ ቱቦው ቅርብ ስለሆነ ሞተሩ ሲሠራ ያቃጥላል።

አሁን ይጀምሩ። በመጀመሪያ የሚፈታው መሙያው ነው፤ ማፍሰሻው ከዚያ በኋላ። ለዓመታት ያልተነካ መሙያ ብሎን አልፈታ ሊል ይችላል፤ ዘይቱን አስቀድመው ካፈሰሱ በኋላ እንቢ ቢልዎት መኪናው ባዶ ካምቢዮ ይዞ ግቢ ውስጥ ይቀራል። እንቢ ካለ ዝገት መፍቻ ረጭተው ጥቂት ይጠብቁና ረዘም ባለ እጀታ ይሞክሩት። ያም ካልሆነ ምንም ሳያፈሱ መኪናውን ይዘው ጋራዥ ይሂዱ።

መሙያው ከተፈታ በኋላ ሳህኑን ከሥር አድርገው ማፍሰሻውን ይፍቱ። ዘይቱ በኃይል ይጀምርና ቀስ በቀስ ወደ ጠብታ ይለወጣል። እስኪያቆም ይተዉት፤ አይቸኩሉ።

እየፈሰሰ ሳለ ይዩት። ጠቆር ያለ ቀይ ወይም ቡናማ ከሆነ የተለመደ ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር የሚሸት ከሆነ ካምቢዮው በሙቀት ተጎድቶ ያውቃል ማለት ነው፤ ይቀይሩት፣ ከዚያ በኋላ ግን የማርሹን አገባብ በዓይነ ቁራኛ ይከታተሉ። የእንጆሪ ወተት መስሎ ከወረደ ግን ሥራውን እዚያው ያቁሙ። በዚህ መኪና የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ክፍል ነው፤ የሁለቱ መለያያ ሲበሳ ኩላንት ወደ ካምቢዮ ይገባል። እንዲህ የሆነን መኪና ሳያስነሱ በተጎታች ወደ መካኒክ ይላኩት፤ በዘይት ቅየራ ብቻ የሚድን ነገር አይደለም።

የፈሰሰውን በሙሉ በጆጉ ይለኩና ቁጥሩን ይጻፉት። ከ3 ኳርት በጣም ያነሰ ከወጣ ካምቢዮው ከመጀመሪያውም ጎድሎበት ኖሯል፤ የሚያፈስበትን ቦታ ይፈልጉ።

እዚህ ላይ «የዘይት መያዣውን ላውርደው ወይ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። በውስጡ የብረት ብናኝ የሚሰበስቡ ማግኔቶችና ማጣሪያው አሉ። ማጣሪያው ሻካራውን የሚይዝ ወንፊት ስለሆነ በየቅየራው መለወጥ አያስፈልገውም። 100,000 ማይል ላለፈ መኪና ግን አንድ ጊዜ አውርዶ ማግኔቶቹን መጥረግና ጓርኒሲዮኑን መለወጥ ጥሩ ነው። ማግኔቱ ላይ ግራጫ ጭቃ ቢያገኙ አይደንግጡ፤ በጣት የሚለቀም የብረት ስባሪ ካገኙ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የመያዣው ብሎኖች ቀጫጭን ናቸው፤ ከመጠን በላይ ጠብቀው የሚበጠሱት እነሱ ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠሩ ከሆነ ይህን ለሌላ ቀን ያቆዩት።

መሙላት

ማፍሰሻውን በአዲስ ቀለበት ይግጠሙና በ20 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ፤ ቁልፍዎ በፉት ፓውንድ የሚያነብ ከሆነ 15 ማለት ነው። ትንሽ መስሎ ይታይዎታል። ልኩ ግን ያ ነው፤ ከዚያ በላይ መጎተት ጥርሱን ይበላል።

ፓምፑን ጠርሙሱ ላይ ገጥመው ቱቦውን በመሙያው ቀዳዳ ያስገቡ። የወጣውን ያህል፣ በዚያ ላይ ግማሽ ኳርት ጨምረው ይሙሉ። ግማሿ ኳርት በኋላ በመለኪያው በኩል ትርፍ ሆና የምትወርድ ናት፤ የሚወርድ ትርፍ ካለ ካምቢዮው እንዳልጎደለበት በዓይንዎ ያያሉ። መሙያውን ለጊዜው በእጅ ያህል ይግጠሙት።

ሞተሩን ያስነሱ። ፍሬኑን እንደረገጡ ማርሹን ከፒ ወደ አር፣ ወደ ኤን፣ ወደ ዲ፣ ወደ ታችኞቹም እያዛወሩ በየቦታው ጥቂት ሰከንድ ያቆዩ፤ ከዚያ ወደ ፒ ይመልሱ። አዲሱ ዘይት ባዶ የቀሩትን መንገዶች የሚሞላው በዚህ ጊዜ ነው። ኤሲ፣ መብራትና ራዲዮ ይጥፉ። ሞተሩ ይሠራል፤ ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ በር ዘግተው ከሆነ የሚሠሩት አሁኑኑ ያቁሙ፤ የጭሱ መርዝ ሽታ ስለሌለው አያስጠነቅቅም።

ልኩ

ትክክለኛው የመለኪያ ሙቀት ከ46 እስከ 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ በፋራናይት ከ115 እስከ 133። ዘይት ሲሞቅ ይሰፋል። ሳይሞቅ መለኪያውን ከፍተው «ልክ ነው» ካሉ፣ መንገድ ላይ ሲሞቅ ከፍታው ከልኩ ያልፋል፤ የሚሽከረከሩት ክፍሎች ይመቱትና አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ ግፊት አይሸከምም። ከመጠን በላይ ሞቆ ከከፈቱት የሚብሰው ይመጣል፦ በመስፋቱ ከፍ ያለውን ዘይት ትርፍ መስሎዎት ያፈሱታል፣ ሲቀዘቅዝ ካምቢዮው ይጎድልበታል፣ በማግስቱ ጠዋት ማርሽ ለመግባት ይዘገያል።

ፋብሪካው ያለ መሣሪያም መንገድ አስቀምጧል። በምርመራ ሶኬቱ ላይ 4ኛውንና 13ኛውን ቀዳዳ በሽቦ አገናኝቶ ማርሹን በኤን እና በዲ መካከል ቶሎ ቶሎ በማመላለስ የዲ መብራት የሙቀቱን ሁኔታ እንድትነግርዎት ማድረግ ይቻላል። እኔ አልወደውም። 16ኛው ቀዳዳ በቀጥታ የባትሪ ኃይል አለው፤ ሽቦው ተሳስቶ እሱን ከነካ የሚቃጠል ነገር አለ። የስልክ ንባቡ ይበቃል። እሱ ከሌለ የዘይት መያዣውን ከውጭ በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ማንበብም ያስኬዳል፤ የላሜራው ሙቀት ከውስጡ ዘይት ትንሽ እንደሚያንስ ግን ያስቡ።

ቆሞ የሚሠራ መኪና ካምቢዮው ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው። ስልኩን ከጎንዎ አድርገው ይጠብቁ። 46 ሲደርስ ሥሩ ገብተው መለኪያውን በአለን ቁልፍ ይፍቱ፤ 50 እስኪያልፍ ቆይተው ከጀመሩ ጊዜ ያጥርዎታል። ጨምረው የነበረው ትርፍ በቀጭን ጅረት ይወርዳል። ጅረቱ ተቆራርጦ ወደ ጠብታ በተለወጠበት ቅጽበት ልኩ ላይ ነዎት። ይግጠሙት። ሞተሩ እየሠራ እስካለ ድረስ ጠብታው ፈጽሞ እስኪቆም አይጠብቁ፤ ዘይቱ መሞቁንና መስፋቱን ስለማይተው አይቆምም።

ምንም ካልወረደ ጎድሏል። ሞተሩ እየሠራ መሙያውን ይክፈቱና፣ ከጭስ ማውጫው እጅዎን እየጠበቁ፣ ከመለኪያው ጠብ እስኪል ድረስ በፓምፑ ይጨምሩ። በዚህ መካከል ሙቀቱ 56ን ካለፈ አይታገሉት። በእጅዎ ዘግተው ሞተሩን ያጥፉና ለሰዓታት ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና ይጀምሩ።

ሲያበቃ ሞተሩን አጥፍተው መለኪያውን በ20፣ መሙያውን በ39 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ፤ በፉት ፓውንድ 15 እና 29። ዙሪያውን በጨርቅ ይጥረጉ። ጥቂት ነድተው ተመልሰው ሲያዩ እርጥበት ካገኙ ከየትኛው ብሎን እንደመጣ የሚለዩት ዙሪያው ንጹሕ ከነበረ ብቻ ነው።

ስንት ጊዜ?

ከ10 ኳርት ሦስቱን ከቀየሩ ሰባቱ አሮጌ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሲደግሙት አሮጌው ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ ሦስተኛ ጊዜ ወደ ሲሶ። ከዚያ በኋላ የሚደፉት አብዛኛው ራስዎ የገዙት አዲስ ዘይት ስለሚሆን ትርፉ እየቀነሰ ይሄዳል። ለዓመታት ላልተነካ ካምቢዮ በሞተር ዘይት ቅየራ ወቅቶች እያገጣጠሙ ሦስት ጊዜ ቢሠሩት በቂ ነው። ከዚያ በኋላ በየ30,000 ማይሉ አንድ ጊዜ ይበቃዋል። የማቀዝቀዣ ቱቦውን ፈትቶ በሞተሩ ኃይል ሁሉንም በአንድ ቀን የሚያስወጣ ዘዴም አለ። ፈጣን ነው፤ የሚገባው ከሚወጣው ለአፍታ ከዘገየ ግን ፓምፑ ያለ ዘይት ይሽከረከራል። ያለ ረዳት አይሞከርም።

አሮጌውን ዘይት ወደ ጠርሙሶቹ መልሰው እንደ አውቶዞን እና ኦራይሊ ያሉ የዕቃ መደብሮች ይውሰዱት፤ አብዛኞቹ ቅርንጫፎች ያለ ክፍያ ይቀበላሉ። ከኩላንት፣ ከፍሬን ዘይት ወይም ከቤንዚን ጋር ከተቀላቀለ ግን አይወስዱትም፤ ስለዚህ የሚያፈሱበት ሳህን ንጹሕ ይሁን። ማይሉን፣ ቀኑን፣ የወጣውንና የገባውን መጠን ጽፈው በመኪናው ኪስ ያስቀምጡ፤ መኪናውን ሲሸጡ ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቅዎት እሱን ነው።